ኪውቢት እንዴት ይቆለፋል? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ስለ ኳንተም ኢንክሪፕሽን የላካችሁልኝ ጥያቄ በዝቷል፣ ተመሳሳዮቹን እያጣመርኩ ልመልስ (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)።

ጥያቄ፦ ኳንተም ኮምፒውተር ሲመጣ የባንክ አፓችን ሁሉ ይሰበራል ይባላል፣ ይሄ እሱን መከላከያ ነው?

አይ፣ ሁለቱ ይምታታሉ። ለሱ መፍትሄው እዚሁ ተራ ኮምፒውተር ላይ የሚሰሩ አዳዲስ ኢንክሪፕሽኖች ናቸው፣ የአሜሪካው የስታንዳርድ ተቋም ናይስት በ2024 የመጀመሪያዎቹን ሶስት አውጥቷል። የኛ ጉዳይ ዳታው ራሱ ኳንተም ሲሆን ነው፣ ከአንድ ኳንተም ኮምፒውተር ወደ ሌላ ኪውቢት (የኳንተም ኮምፒውተር ቢት፣ 0 ወይም 1 ወይም የሁለቱ ቅልቅል መሆን የሚችል) ሲላክ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ኪውቢት በምን ይቆለፋል? ቁልፉም ኳንተም ነው?

ቁልፉ ተራ 0 እና 1 ነው፣ እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ነው። ለአንድ ኪውቢት ሁለት የሚስጥር ቢት ይበቃል፦ የመጀመሪያው 1 ከሆነ ላኪው 0ን ወደ 1፣ 1ን ወደ 0 ይገለብጣል፣ ሁለተኛው 1 ከሆነ ደግሞ ፕላስ የሚባለውን የ0 እና የ1 ቅልቅል ማይነስ ወደሚባለው ሌላ ቅልቅል ይቀይራል፣ ቢቱ 0 ከሆነ ዝም ብሎ ይተወዋል፣ ተቀባዩም ያው ቁልፍ ስላለው መልሶ ይፈታዋል። ቁልፉን ለማያውቅ ሰው የፈለገ ማሽን ቢኖረው የሚነበብ ነገር የለም። በ2000 ተመራማሪዎቹ አምባይኒስ፣ ሞስካ፣ ታፕና ደ ቮልፍ ከሁለት ቢት ባነሰ እንደማይሆንም አረጋግጠዋል። ቁልፉ ግን አንዴ ከተጠቀማችሁበት በኋላ አይደገምም!

ጥያቄ፦ መልእክቱ ቢታይ ግድ የለኝም፣ ብቻ እንዳይቀየር። ሳይቆለፍ ማረጋገጥ አይቻልም?

በተራ ዳታ ይቻላል፣ የሶፍትዌር አፕዴት ማንም ሊያየው ይችላል፣ ሲግኔቸሩ (ዲጂታል ፊርማው) ግን አለመነካቱን ያሳያል። በኳንተም አይቻልም፣ ይሄን በ2002 ባርነም፣ ክሬፖ፣ ጎትስማን፣ ስሚዝና ታፕ አሳይተዋል። ለምን መሰላችሁ፣ አጥቂው መንገድ ላይ 0 ይሁን 1 መለየት ከቻለ፣ የሁለቱ ቅልቅል የሆነ ኪውቢት ሲመጣበት ያቺው ማየቱ ቅልቅሉን ታፈርሰዋለች፣ ማየትና መቀየር እዚህ ላይ አንድ ነገር ናቸው። ስለዚህ መቀየርን መከልከል የፈለገ ማየትንም መከልከል አለበት፣ ምርጫ የለውም። ከዚህ ዘርፍ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብባል ይሄን ነው የምለው።

ጥያቄ፦ እሺ ተቀባዩ መነካቱን በምን ያውቃል?

ላኪው ከመልእክቱ ጎን 0 ላይ የተቀመጡ ትርፍ ኪውቢቶች ይጨምርና ሁሉንም አንድ ላይ ቁልፉ በመረጠው፣ ክሊፈርድ በሚባለው ኦፕሬሽን ያማስላቸዋል። ተቀባዩ ፈትቶ ትርፎቹን ብቻ ይለካል፣ ሁሉም 0 ከሆኑ ይቀበላል፣ አንዷ እንኳን 1 ከወጣች ይጥለዋል። አጥቂው የቱ ትርፍ የቱ መልእክት እንደሆነ ስለማያውቅ የነካው ነገር ትርፎቹ ላይ ይታያል፣ 20 ትርፍ ቢኖር ሳይያዝ የሚያልፍበት እድል ከሚሊዮን አንድ ግድም ነው። ችግሩ ግን ኪውቢት ኮፒ አይደረግም፣ ስለዚህ የተጣለውን መልእክት ባክአፕ ላይ አታገኙትም። አጥቂው ሊያታልላችሁ ባይችልም ሊያጠፋባችሁ ይችላል፣ ይሄን ማንም ኢንክሪፕሽን አያድንም።

ጥያቄ፦ ማንም ሰው ቼክ የሚያደርገው ዲጂታል ሲግኔቸርስ?

አይሆንም፣ መልእክቱን አውጥቶ ማየት የቻለ ሰው ሁሉ መቀየርም ስለሚችል። ለአንድ ለታወቀ ተቀባይ፣ በሱ ፐብሊክ ኪ (ማንም ሊያውቀው በሚችል የመቆለፊያ ቁልፉ) ቆልፎና ፈርሞ መላክ ግን ይቻላል፣ ቼክ ማድረግ የሚችለውም እሱ ብቻ ነው።