ከሆስፒታል በወጣ በአራተኛው ቀን በሩን ማን ያንኳኳል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። አባትህ 78 ዓመታቸው ነው፣ እንግሊዝ አገር ብቻቸውን ይኖራሉ፣ ሆስፒታሉ ሐሙስ ይወጣሉ ብሎሃል፣ አንተ ደግሞ የሦስት ሰዓት መንገድ ትርቃለህ። «ካውንስሉ ይሄን አይቆጣጠርም ወይ? ለማን ነው አቤት የሚባለው?» ነው ያልከው። ካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ሆስፒታሉ ሰው እንዴት እንደሚያስወጣ ይቆጣጠራል። ግን ቁጥጥሩ ለሐሙስ አይደርስልህም። ስለዚህ መጀመሪያ የሐሙሱን፣ ከዚያ የካውንስሉን ልንገርህ።

አክስቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ደረጃ ላይ ወድቃ ቀኝ እጇ ተሰበረ። ጭንቅላቷንም ስለመታት ጥቂት ቀን አስተኟት። ልትወጣ ስትል ነርሷ ጠየቀቻት። ቤት ብቻሽን ትችያለሽ? «እችላለሁ»። ቤተሰብ አለሽ? «አለኝ፣ አምስት ልጆች»። አልዋሸችም። አምስቱም ደሴ ናቸው። ነርሷ የት እንዳሉ አልጠየቀችም፤ አክስቴም ለባዕድ ሰው «ማንም የለኝም» ማለት ነውር ሆኖባት ዝም አለች። ወረቀቱ ላይ ቤተሰብ ይረዳታል ተብሎ ተጻፈ።

እኔ በየቀኑ እደውል ነበር። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ትለኛለች። በአራተኛው ቀን ሄድኩ። በሩን እስክትከፍት ብዙ ቆምኩ። የሆስፒታሉ የፕላስቲክ አምባር አሁንም እጇ ላይ ነው። አምባሩ ያለው ግራ እጇ ላይ፣ መቀስ የሚይዘው ቀኙ ደግሞ ጀሶ ውስጥ። መድኃኒቱ ከነጭ የወረቀት ከረጢቱ አልወጣም፤ አፉ በስቴፕለር እንደተመታ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ከፈትኩት። ክዳኑ ተጭነው የሚያዞሩት ዓይነት ነው፣ ሁለት እጅ ይፈልጋል። አራቱን ቀን በዳቦና በሻይ ነው ያሳለፈችው። «ሰው አልመጣም?» ስላት «ማን ይመጣል?» አለችኝ፣ እንደ ሞኝ እያየችኝ።

በኋላ ነው የገባኝ። እዚህ እንግሊዝ አገር ከሆስፒታል የሚወጣ ሰው «ፓዝዌይ» የሚባል ቁጥር ይሰጠዋል። ዜሮ ማለት አዲስ እርዳታ ሳያስፈልገው ቤቱ ይሄዳል ማለት ነው። አንድ ከሆነ ቤቱ እርዳታ ይከተለዋል። ሁለትና ሦስት ለጊዜው ወይም ለረጅም ጊዜ ሌላ ቦታ ለሚያርፉ ናቸው። አክስቴ ዜሮ ተደረገች። ለምን? «አምስት ልጆች» ስላለች።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ዋርዱ (የተኙበት ክፍል) ጋ ደውልና «አባቴ የትኛው ፓዝዌይ ላይ ነው?» በል። በዚሁ ቃል ጠይቅ፤ ቃሉን ስታውቅ ንግግራቸውም ይለወጣል። ዜሮ ካሉህ ብቻቸውን እንደሚኖሩ፣ አንተ ሩቅ እንደሆንክ ንገራቸውና ፋይሉ ላይ እንዲጻፍ ጠይቅ። ከ2022ቱ የጤናና የእንክብካቤ ሕግ ወዲህ ሆስፒታሉ፣ ከወጣ በኋላ እርዳታ ሊያስፈልገው የሚችልን ሰውና ተንከባካቢውን በእቅዱ የማሳተፍ ግዴታ አለበት። «ነገ ይወጣሉ» ብሎ መንገር ብቻ ማሳተፍ አይደለም። አስተርጓሚም ጠይቅ። ነጻ ነው። አንተ እንዳታስተረጉም። ልጅ ሲያስተረጉም አባት ሽንት ቤት መሄድ አቅቶኛል አይልም።

ሌላው «ሪኤብልመንት» የሚሉት ነው። ሰውየው ራሱን ችሎ እንዲነሳ፣ እንዲታጠብ፣ ምግብ እንዲሠራ ቤቱ መጥተው ያለማምዱታል። የተፈቀደለት ሰው እስከ 6 ሳምንት ድረስ አይከፍልም። ከዚያ በኋላ የሚቀጥል እንክብካቤ ካለ ግን ካውንስሉ ገቢና ቁጠባ ይመረምራል፤ ቁጠባው ከ23,250 ፓውንድ በላይ የሆነ ሰው ብዙውን ጊዜ ራሱ ይከፍላል። ይሄን አስቀድመህ እወቀው፣ በሰባተኛው ሳምንት የክፍያ መጠየቂያ መጥቶ ያስደነገጠው ሰው አውቃለሁ። ምን እርዳታ እንደሚያስፈልግ የሚታይበትን ምዘና ለመጠየቅ ግን ገንዘብ ኖረም አልኖረም ለውጥ የለውም፤ በ2014ቱ ኬር አክት (የእንክብካቤ ሕግ) መሠረት እርዳታ የሚያስፈልገው የሚመስል ማንኛውም ጎልማሳ በካውንስሉ ሊመዘን ይገባዋል። አንተም እንደ ተንከባካቢ የራስህን ምዘና መጠየቅ ትችላለህ።

አሁን ወደ ካውንስሉ።

የማኅበራዊ እንክብካቤ ኃላፊነት ያለበት እያንዳንዱ ካውንስል የጤና ጉዳዮችን የሚመረምሩ ካውንስለሮች (የተመረጡ የካውንስሉ አባላት) አሉት። ብዙ ቦታ «ሄልዝ ስክሩቲኒ ኮሚቴ» ይሉታል። ካውንስሉን የሚመራው ካቢኔ ውስጥ ያሉት አይገቡበትም፣ ምክንያቱም ራሳቸውን ሊመረምሩ ነዋ። ኮሚቴው የሆስፒታል ኃላፊዎችን ጠርቶ መጠየቅና መረጃ ማስቀረብ ይችላል። ምክር ሲያቀርብና መልስ ሲጠይቅም ሆስፒታሉ በ28 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መመለስ አለበት። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው፣ አጀንዳውም ከአምስት የሥራ ቀን በፊት ይወጣል። ግን የአንድ ሰው አቤቱታ አያይም። ለዚያ ሆስፒታሉ ውስጥ «ፓልስ» የሚባል ቢሮ አለ፣ ቅሬታው ካልተፈታ ደግሞ ወደ ኦምቡድስማን (እንባ ጠባቂ) ይኬዳል። የሆስፒታሉና የካውንስሉ ኦምቡድስማን የተለያዩ ናቸው፣ እንዳትሳሳት።

«ታዲያ ምን ይጠቅመኛል?» ትል ይሆናል። እኔም እንዲያ ብዬ ነበር። አንዲት የሰፈር ካውንስለር ናት ኮሚቴው ስብሰባ ላይ ሂጂ ያለችኝ። ጥያቄዬን አስቀድሜ በኢሜይል ላክሁ፣ ሦስት ደቂቃ ሰጡኝ። ከእኔ በፊት አንድ ባለሥልጣን ስላይድ እያሳየ ነበር። አልጋ ቶሎ ተለቋል፣ የዘገዩት ቀንሰዋል፣ አረንጓዴ ቀስት በአረንጓዴ ቀስት። አንዱ ቁጥር ሪኤብልመንት ካገኙ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሰዎች ውስጥ ከ91 ቀን በኋላ ቤታቸው ያሉት ስንት ናቸው የሚል ነበር። ጥሩ ነው። ግን አክስቴ ሪኤብልመንት አላገኘችም፤ እዚያ ቁጥር ውስጥ የለችም። ብትኖርም እንኳ «ቤቷ ናት» ተብላ በጥሩ ጎን ትቆጠር ነበር። ቤቷማ ነበረች።

ተነስቼ የጠየቅኩት ይሄን ብቻ ነው። ብቻቸውን ከሚኖሩት ውስጥ በዜሮ የወጡት ስንት ናቸው? በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ስልክ የተደወለላቸውስ? ባለሥልጣኑ እንደዚያ አንቆጥርም አለ። ሰብሳቢው ቀና ብሎ «ለምን?» አለው። ያቺ «ለምን» ናት ሥራ የሠራችው። ከወራት በኋላ የጽሑፍ መልስ መጣ፤ የመውጫ ቅጹ ላይ «ቤተሰብ አለ?» የሚለው «የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ከእርስዎ ጋር ማን ያድራል?» በሚል ተተካ። ትንሽ ነገር ናት። ለአክስቴ አይነት ሰው ግን «አምስት ልጆች» ብሎ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም።

አንተም ኮሚቴ ፊት ብትቆም ስለ ብቸኝነቱ አትርሳ። እንግሊዝ አገር በ2018 የብቸኝነት ሚኒስትር ሾማ ነበር፤ ያኔ ስቀናል፣ እድር የሌላቸው ሰዎች ሚኒስትር ይሾማሉ ብለን። በየዓመቱ ደግሞ ካውንስሎች ተገልጋዮቻቸውን የሚፈልጉትን ያህል ከሰው ጋር ትገናኛላችሁ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። የአባትህ ካውንስል ቁጥር ስንት እንደሆነ፣ ከሆስፒታል ለወጡት ብቻ ቢለይስ ምን እንደሚመስል ጠይቃቸው።

ለአባትህ ለራሳቸው፣ ቤት ከገቡ በኋላ ጂፒያቸውን (የሰፈር ሐኪማቸውን) «ሶሻል ፕረስክራይቢንግ» ብለህ ጠይቅ። ሰውየውን ከማኅበራትና ከጎረቤት እንቅስቃሴ ጋር የሚያገናኝ ሠራተኛ አለ። ለአክስቴ የረዳት ግን ያ ብቻ አይደለም፣ እውነቱን ልንገርህ። ከቤተ ክርስቲያን ሦስት ሴቶች ተራ ገቡ። ሰኞ አንዷ፣ ረቡዕ አንዷ፣ ቅዳሜ አንዷ። ቡና ይፈላል፣ መድኃኒቱም ይታያል።

አሁን ደግሞ አባትህን ደውልላቸውና አስጠንቅቃቸው። ነርሷ «ትችላለህ?» ስትላቸው «ደህና ነኝ» እንዳይሉ። ካልሲ ማጥለቅ ካቃታቸው ካልሲ ማጥለቅ አቅቶኛል ይበሉ። የየትኛው ካውንስል ነዋሪ እንደሆኑ በውስጥ ጻፍልኝ፣ የኮሚቴውን ቀጣይ ስብሰባ ቀን አብረን እናየዋለን።