ባሕር የሌለው አገር ልጅ ሱናሚ ተምሮ ምን ይሠራል ላልከኝ

ሃይድሮሊክስ (የውሃ ምህንድስና) ጨርሰሃል፣ ጃፓን ሰንዳይ ያለ ፕሮፌሰር የሱናሚ ጉዳት መቀነስ ላይ ማስተርስህን እኔ ጋ ሥራ ብሎሃል፣ አባትህ ደግሞ "ባሕር በሌለበት አገር ሱናሚ ለማን ነው፣ ያገኘኸውን የኮንትራክተር ሥራ ያዝ" ብለዋል። እድሜዬ 27 ሆነ፣ ቋንቋው ያስፈራኛል፣ ቤት ብር ይጠብቃል ብለሃል።

አባትህ ይቅር ይበሉኝና ተሳስተዋል። የሱናሚ ስሙ የባሕር ነው እንጂ ሒሳቡ እኮ የጎርፍ ነው። ማዕበሉ ከጫፍ ጫፍ በመቶ ኪሎሜትር ስለሚለካ 4 ኪሎሜትር የሚጠልቅ ውቅያኖስ ራሱ ለሱ እንደ ኩሬ ነው፣ ስለዚህ የሚሰላበት ሻሎው ዋተር ኢኩዌሽን (የጥልቀት አልባ ውሃ ቀመር) ግድብ ቢደረመስ ውሃው የቱ ሰፈር በስንት ደቂቃ ይደርሳል ብለን የምናሰላበት ያው ራሱ ነው፣ እኔም ስንት ዓመት እንጀራ የበላሁበት። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ ጎርፉ በሌሊት ከ200 ሰው በላይ ሲወስድ ባሕር የታለ?

ብቻ ግንብ ግንቡን አትከተል። ጃፓን ካማይሺ ከተማ ላይ 63 ሜትር ጥልቀት ውስጥ የተተከለው የማዕበል መከላከያ በ2009 እ.ኤ.አ. አልቆ በ2011ዱ ሱናሚ ተሰባበረ፣ ግን ውሃውን 6 ደቂቃ ያህል አዘግይቷል ተብሎ ተሰልቷል፣ ዳገት ለሚሮጥ ሰው 6 ደቂቃ ቀላል እንዳይመስልህ። በዚያው ሱናሚ ታሮ የሚባለው ቦታ ባለ 10 ሜትሩን ግንብ ውሃው ዘሎት ገባ፣ ፉዳይ መንደር ላይ ደግሞ ወንዙ ላይ የተሠራው ባለ 15.5 ሜትር የጎርፍ መዝጊያ በር መንደሩን አተረፈ። የቱ ጋ ስንት ሜትር ይበቃል፣ ሰው በየት ይውጣ የሚለው የሞዴሊንግ፣ ማለትም ውሃውን በኮምፒውተር አስመስሎ የማስላት ሥራ ነው። ፕሮፌሰሩን ኮዱን ራሴ ነው የምጽፈው ወይስ ገንዳ ውስጥ ማዕበል እየለካሁ ነው የምከርመው ብለህ ጠይቀው። ገንዳውን ይዘህ አትመለስም፣ ኮዱ ግን ላፕቶፕህ ውስጥ ነው።

27 ዓመት ምንም አይደለም። ቋንቋው ላቦራቶሪ ውስጥ በእንግሊዝኛ ያልፋል፣ ለሱቅና ለቤት ኪራይ ግን ጃፓንኛውን ከአሁኑ ጀምር።

የብሩን ነገር ግን ልንገርህ፣ የስኮላርሺፕ አበል ያንተ የኪራይና የምግብ ነው፣ እልካለሁ ብለህ ለማንም ቃል እንዳትገባ። እስካሁን ያላንተ ደሞዝ የኖረ ቤት ሁለት ዓመት ይታገሳል፣ ቅር ቢላቸውም ይበላቸው። አንተም ፕሮፌሰሩ እሺ አለ ብለህ ብቻ እንዳትዘል፣ እሱ "ና" ማለቱ ብር አይደለም። ስኮላርሺፑ በጽሑፍ እስኪመጣ የኮንትራክተሩን ሥራ ግባበት፣ ማታ ማታ ፓይተን (የኮድ መጻፊያ ቋንቋ) እየሞከርክ።