ትርፏን ክፍል የማሳጅ ክፍል ላድርጋት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

*የዚህ አምድ መልስ ሰጪ ለ17 ዓመታት በቤቷ ውስጥ የማሳጅ ሥራ ስትሠራ የቆየች ባለሙያ ናት።*

ጥያቄ፦ የማሳጅ ሥልጠናዬን ከጨረስኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ተቀጥሬ ሞክሬው ነበር፤ በቀን ስምንት ሰው እያስያዙኝ ማታ ማታ እጄን ማንሳት ሲያቅተኝ ተውኩት። አሁን ቤቴ አንዲት ትርፍ ክፍል ስላለች እዚያው ልጀምር አስቤያለሁ። ባለቤቴ ተስማምቷል። እናቴ ግን «የማታውቂውን ሰው ቤትሽ አስገብተሽ ልታስተኚ ነው?» ብላ ተቆጣችኝ። በእጄ ያለው ገንዘብ ጥቂት ነው። ከምን ልጀምር? ምን ልግዛ? እናቴንስ ምን ልበላት?
*ባለ አንድ ክፍሏ*

መልስ፦ እህቴ፣ የእናትሽን ነገር መጨረሻ ላይ ጣል አደረግሽው እንጂ ከሦስቱ ጥያቄዎችሽ ክብደት ያለው እሱ ነው። አልጋና ዘይት ገንዘብ ሲገኝ ይገዛል። ደጅ የቆመን ሰው «አይሆንም» ማለትን ግን ሥልጠና ላይ ማንም አላስተማረሽም። እኔንም አላስተማሩኝም።

በጀመርኩ ሰሞን የደወለልኝን ሁሉ እሺ እል ነበር። ቀጠሮ ደብተሬ ባዶ ነበራ! አንድ ቀን አንድ ሰው ደወለ። የት እንደሚያመው አልነገረኝም፣ ዋጋ እንኳ አልጠየቀኝም፤ «ቤት ውስጥ ብቻሽን ነሽ?» አለኝ። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ባለቤቴ ሥራ ላይ ነበር፤ እኔ ግን «ኧረ አለ፣ ላገናኝህ?» አልኩት። ስልኩ ተዘጋ። ያን ቀን ማታ ቁጭ ብዬ ዛሬም ድረስ የምሠራበትን ሕግ ጻፍኩ።

አንደኛ፣ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የሚያውቁሽ ሰዎች «እኔ ልኬያታለሁ» ካሉሽ በቀር አዲስ ሰው አትቀበዪ። ማስታወቂያ ላይ ስልክሽን እንጂ የቤትሽን አድራሻ አታውጪ፤ አድራሻ የሚሰጠው ቀጠሮ ከጸና በኋላ ነው። አዲስ ሰው ሲደውል አምስት ደቂቃ አናግሪው፤ ስሙን፣ ማን እንደላከው፣ የት እንደሚያመው፣ ሐኪም አይቶት እንደሆነ ጠይቂ። ከዚያ ሳትሽኮረመሚ «የምሰጠው የጡንቻ ማሳጅ ነው፤ ከዚያ ሌላ አገልግሎት የለም» በይ። ወገቡን ያመመው ሰው በዚህ አይቀየምም። ሌላ ነገር ፈልጎ የደወለው ግን ሰበብ ፈጥሮ ራሱ ይሰናበታል፤ አንቺም ከድካም ተረፍሽ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣን ሰው ማታ አትቅጠሪ። ቤት ውስጥ ሰው ከሌለ፣ ደንበኛው የገባበትንና የሚወጣበትን ሰዓት የሚያውቅ፣ ካልደወልሽለት የሚደውልልሽ አንድ ሰው ይኑር።

አንድ ዓረፍተ ነገር ደግሞ በቃልሽ ያዢ፦ «የዛሬው ሥራ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ይልበሱ፣ እኔ ውጭ ነኝ።» በመስታወት ፊት ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ተለማመጂው። ስትለማመጂው ታፍሪያለሽ፤ እፈሪ። በ17 ዓመት ውስጥ ያስፈለገኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱንም ጊዜ አፌ ላይ ዝግጁ ሆኖ ስላገኘሁት አመሰገንኩ።

ፈቃድን በተመለከተ ደንቡ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ ሰው ቤት ተቀብሎ መሥራት ምን እንደሚጠይቅ በአካባቢሽ ካለው አስተዳደር ጠይቂ። ቤቱ የኪራይ ከሆነ የአከራይሽን ስምምነት በጽሑፍ ያዢ። የሙያ መድን ማግኘት የምትችዪበት ቦታ ከሆንሽ ከአልጋው በፊት እሱን ግዢ።

ወደ ክፍሏ እንምጣ። አልጋ ከመግዛትሽ በፊት ወለሉ ላይ በማጣበቂያ ወረቀት የአልጋውን ቅርጽ አስምሪ፦ 70 ሳንቲሜትር ወርድ፣ 185 ሳንቲሜትር ርዝመት። ከዚያ በዙሪያው እየሄድሽ የምትሠሪ ምሰዪ። በአራቱም በኩል አንድ እግርሽን ወደ ኋላ አድርገሽ ለመቆም የሚበቃ ቦታ፣ ማለትም 80 ወይም 90 ሳንቲሜትር፣ ያስፈልግሻል። እኔ ይህን ሳላደርግ ገዝቼ አንዱን ጎን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ነበር። ግራ ትከሻውን ለመሥራት በደንበኛው ላይ ተንጠራርቼ ስደርስበት፣ ማታ ወገቤን የሚያሽልኝ ሰው ያስፈልገኝ ነበር።

አልጋው አገልግሎት ላይ የዋለ ቢሆንም ግድ የለም። ብሎኖቹንና ከሥር ያሉትን ገመዶች እይ፣ ተቀመጪበት፣ ወዝውዢው፣ ድምፁን ስሚ። አልጋው ሲንቋቋ ደንበኛ «ይወድቅ ይሆን?» እያለ ጡንቻውን ይገትራል እንጂ አያላላም። ከፍታውን የምትለኪው በራስሽ ነው። ከጎኑ ቀጥ ብለሽ ቁሚና እጅሽን አንጠልጥለሽ ጨብጪ፤ የጣቶችሽ አንጓ የአልጋውን ገጽ ነካ ካደረገ ልክ ነው። ጠንከር ያለ ግፊት የምትሰጪ ከሆነ ትንሽ ዝቅ ይበል። ከፍ ያለ አልጋ በትከሻሽ እንድትገፊ ያስገድድሻል፤ ትከሻ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። የመኝታ አልጋ ላይ ወይም ሶፋ ላይ ለመጀመር እንዳታስቢ፤ ደንበኛው ሲድን አንቺ ትታመሚያለሽ።

ትራሶቹ ቀላል ናቸው። በጀርባ ሲተኙ ከጉልበት ሥር፣ በሆድ ሲተኙ ከቁርጭምጭሚት ሥር የተጠቀለለ ፎጣ ይበቃል። ክፍሉን ወደ 24 ዲግሪ አሙቂው። አንቺን ያልብሻል፤ የተኛው ሰው ግን አይንቀሳቀስም፣ ዘይት ተቀብቷል፣ ቶሎ ይበርደዋል። ሙቀቱ ለእሱ ነው። የምትሠሪበትን ክፍል ብቻ ገልጠሽ ሌላውን ሸፍኚ። ሲያወልቅም ሲለብስም ውጪ፤ ስትመለሺ አንኳኪ። ቤትሽ ቢሆንም አንኳኪ።

ዘይቱ ሽታ የሌለው ይሁን፤ እጅሽ ውስጡ እንዳይገባ ሲጫኑት ዘይት የሚያወጣ ዓይነት ጠርሙስ ውስጥ ገልብጪው። የለውዝ ዘይት ከሆነ አለርጂ እንዳለባቸው ሳትጠይቂ ጠብታ አትንኪ።

ስለ ዘይት ካነሳሁ ያፈርኩበትን ልንገርሽ። አንድ ቀን ማታ ደክሞኝ ፎጣዎቹን ከማድረቂያ ማሽን ትኩስ እንዳሉ አወጣኋቸውና አጣጥፌ፣ ደራርቤ ቅርጫት ውስጥ ከትቼ ተኛሁ። ሌሊት የተቃጠለ ዘይት የሚመስል ሽታ ቀሰቀሰኝ። እሳት የለም፣ ምድጃው ጠፍቷል። ቅርጫቱን ስነካው ክምሩ መሐሉ እጅ አያስነካም፤ ሁለቱ ፎጣዎች ቡናማ ሆነዋል። የአትክልት ዘይት በእጥበት ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ጨርቁ ውስጥ የቀረው ከአየር ጋር ሲዋሃድ ራሱ ሙቀት ያመነጫል፤ በተደራረበ ክምር ውስጥ ያ ሙቀት መውጫ ስለሚያጣ እየጨመረ ሄዶ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ የዕለቱን ፎጣ ሳይከርም በ60 ዲግሪ ውኃና በደንብ ባለ ሳሙና እጠቢ። ከቻልሽ ገመድ ላይ አስጪው። ማሽን ከተጠቀምሽ የማቀዝቀዣ ዙሩን እስከ መጨረሻው አስጨርሺ፣ አውጥተሽም ዘርግተሽ አቀዝቅዢ። ታጥቦም የዘይት ሽታ የማይለቀውን ፎጣ ጣዪው።

«በቀን ስምንት ሰው» ያልሽውን ሳነብ አውራ ጣቴ ራሱ አመመኝ። በሁለተኛ ዓመቴ የጠርሙስ ክዳን መክፈት አቅቶኝ ነበር፤ ሁሉን ነገር በአውራ ጣቴ ስለምሠራ። አውራ ጣት ትንሽ መገጣጠሚያ ነው፤ የሰውነትሽን ክብደት እንዲሸከም አልተሠራም። ሰፊውን ሥራ ለክንድሽና ለመዳፍሽ ስጪ፣ የእጅሽን አንጓ ቀጥ አድርጊ፣ ግፊቱ ከእግርሽና ከክብደትሽ ይምጣ። አውራ ጣት ጠጠር ያለችውን ቦታ ፈልጎ ለመጨረስ ብቻ ነው። ለጊዜው በቀን ከሦስት ሰው አትለፊ፤ በሁለት ሰው መካከል ግማሽ ሰዓት ተዪ። ያ ግማሽ ሰዓት አንሶላ መቀየሪያ፣ እጅ እስከ ክርን መታጠቢያ፣ ማስታወሻ መጻፊያና ተቀምጦ መተንፈሻ ነው።

ዋጋሽንም በዚሁ አስቢ። የ60 ደቂቃ ማሳጅ የሚወስድብሽ 60 ደቂቃ አይደለም። ቃለ ምልልሱ፣ ማዘጋጀቱ፣ ማጽዳቱና የፎጣው እጥበት ሲደመር ከ100 ደቂቃ አያንስም። ዋጋ ስትተምኚ በመቶው ተምኚ። ዘመድ «አንድ ጊዜ ጀርባዬን ነካ ነካ አድርጊኝ» እያለ መምጣቱ አይቀርም፤ አንድ ጊዜ በስጦታ ሥሪለት፣ ቀጣዩን ደብተር ላይ እንደማንኛውም ሰው ጻፊው። ቅር ይለዋል፤ ይለፈው።

እናትሽንማ፣ የስልኩን ጥያቄዎች በወረቀት ጽፈሽ አንብቢላቸው። ከእሳቸው የተሻለ ጥያቄ እንደሚጨምሩልሽ እወራረዳለሁ። ከዚያ አልጋው ሲመጣ መጀመሪያ የሚተኙበት እሳቸው ይሁኑ።

ጥያቄ፦ ቤቴ ውስጥ ሥራ ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። አንዲት ሴት ከረጅም ጉዞ ተመልሳ አንድ ባቷ አብጦና ሞቆ መጣች፤ «እሽልኝ፣ ይተወኛል» አለችኝ። ፈራሁና ሐኪም ዘንድ ሂጂ አልኳት። ተቆጥታ ሄደች፤ ለጓደኞቿም «አይችልም» ብላ አወራች። ተሳስቼ ይሆን?
*የተጨነቀው*

መልስ፦ አልተሳሳትክም፤ ወንድሜ፣ በዚህ ወር ከሠራኸው ሁሉ የተሻለው ሥራ እሱ ነው። ከረጅም ሰዓት መቀመጥ በኋላ የአንድ እግር ባት ብቻ ሲያብጥ፣ ሲሞቅና ሲያም፣ በውስጠኛው ደም መልስ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ያን ማሸት የረጋውን ደም ሊያላቅቀውና ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል፤ ያ ደግሞ ይገድላል። ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የሚወስነው ሐኪም ነው፤ አንተ የምትወስነው አለመንካትህን ብቻ ነው። ደግሞ «ሂጂ» ብቻ አትበል፤ «ዛሬውኑ ሂጂ፤ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ደረትሽን ከወጋሽ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል» በል። ምክንያቱን ነግረሃት ቢሆን ኖሮ ምናልባት አትቆጣም ነበር። ዛሬም ደውለህ ደህና መሆኗን ጠይቃት፤ ካልታየች ደግመህ ንገራት።

ትኩሳት ያለበትን፣ የሚተላለፍ የቆዳ ሕመም ያለበትን፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለትን ወይም አጥንቱ የተሰበረን ሰው እንዲሁ ሳትነካ ወደ ሐኪም ላክ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በጥቂት ግፊት ስለሚበልዝ ጠንካራ እጅ አይሆነውም። ካንሰር የሚታከም ሰው ማሳጅ ጨርሶ ክልክል አይደለም፤ ግን ሐኪሙ ይወቅ፣ እጅህም ይቅለል። ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ ነፍሰ ጡርን በጀርባዋ ለረጅም ጊዜ አታስተኛ፤ የማሕፀኑ ክብደት ትልቁን ደም መልስ ተጭኖ ያዞራታል። በጎኗ አስተኝተህ በትራስ ደግፋት። የአንገት ፊት ለፊት፣ ብብት፣ ብሽሽትና ከጉልበት ጀርባ ያለው ጎድጓዳ ደግሞ ለማንም ቢሆን የሚጫኑት ቦታ አይደለም።

ይህን ሁሉ ለማወቅ ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት አንድ ገጽ ቅጽ አስሞላ። በየጊዜው ሲመጡም «ካለፈው ወዲህ አዲስ ነገር አለ?» በል። ቅጹን ቆልፍበት።

ጥያቄ፦ ለደንበኞቼ «ማሳጁ መርዝ አውጥቶልዎታል፣ ብዙ ውኃ ይጠጡ» እላለሁ። ያስተማሩን እንዲህ ነው። አንዱ ደንበኛዬ «የትኛው መርዝ?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ አጣሁ።
*መልስ ያጣችው*

መልስ፦ መልስ ያጣሽው መልስ ስለሌለው ነው። ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሳው፣ ጡንቻ በርትቶ ሲሠራ የሚፈጠረው ላክቲክ አሲድ እንኳ ከስፖርት በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ሰውነት ራሱ ያስወግደዋል፤ የእኛን እጅ አይጠብቅም። የቀረውን ጉበትና ኩላሊት ይሠሩታል። ውኃ ለሚጠማው ስጪ። በማግስቱ ሰውነቱን ቢከብደው «መርዝ እየወጣ ነው» አትበዪው፤ ጠንከር አድርገሽ ነው፣ በሚቀጥለው ቀለል አድርጊ። ጡንቻው ዘና ማለቱ፣ ሕመሙ ለጊዜው መብረዱ፣ እንቅልፍ መተኛቱ በራሱ የሚከፈልበት ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ሰዓቱ አልቆ ደንበኛዬ እያንኮራፉ ቢሆንስ? ቀጣዩ ሰው ሊደርስ ነው፤ መቀስቀሱን አፍራለሁ።
*ዓይን አፋሯ*

መልስ፦ የመጨረሻዎቹን ሦስት ደቂቃዎች እግራቸው ላይ አሳልፊ፤ እጅሽን እያዘገየሽ ሄደሽ ሁለቱንም እግር ያዢና ቁሚ። ከዚያ በስማቸው ጥሪያቸው። ካልነቁ ትከሻቸውን ነካ አድርጊና ደግመሽ ጥሪ። ወዲያው አታስነሺያቸው፤ ተኝቶ የዋለ ሰው ድንገት ሲቆም ደም ግፊቱ ወርዶ ሊያዞረው ይችላል። በጎናቸው ዞረው፣ እግራቸውን አንጠልጥለው አንድ ደቂቃ ይቀመጡ። መነጽራቸውን በእጃቸው አቀብያቸው፤ ሲፈልጉት ዘይቱ ላይ ይረግጣሉ። ከዚያ ውጪና በሩን ዝጊ። ቀጣዩን ሰው ግማሽ ሰዓት አርቀሽ ቀጥረሽ ቢሆን ኖሮ ግን ይህን አትጠይቂኝም ነበር።