በርሜሉን ሳትቀይር አፈሙዙን እይ

ጥያቄህ ባጭሩ ይኸው ነው። ቨርጂኒያ ትኖራለህ፤ በባለ ነጥብ 308 ጠመንጃ የክለብህን የኤፍ ክላስ ውድድር (ጠመንጃውን አስደግፈህ ሩቅ ኢላማ የምትመታበትን) ትተኩሳለህ። እስከ አምና 100 ያርድ ላይ አምስት ጥይት አንድ ኢንች ውስጥ ታሳርፍ ነበር፤ ዘንድሮ ሁለት ኢንች ተኩል ሆነብህ። ጓደኞችህ «ባለ አራት ቦይ ተራ በርሜል ስለሆነ ነው፤ ፋይቭ አር ወይም ፖሊጎናል አስገባ» አሉህ። ቦይ የሚሉት በርሜሉ ውስጥ ተጠማዝዞ የተፈለፈለውን፣ አረሩን የሚያሾረውን መስመር ነው፤ ፋይቭ አርና ፖሊጎናል የቦይ ቅርጽ ዓይነቶች ናቸው። 700 ዶላር ላውጣ ወይ?

አታውጣ። አምና አንድ ኢንች ሲያሳርፍልህ የነበረውም ያው አራት ቦይ ነው፤ ቦይ በአንድ ክረምት ዘር አይለውጥም።

ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ «ለአደን እንዲቀለኝ አንድ ሰው አሳጥሮልኛል» ብለህ ጣል ያደረግካት ነገር ናት የያዘችኝ። የላክኸውን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ከተኮስክ በኋላ ጢሱ አፈሙዙ ፊት ላይ ኮከብ የመሰለ ጥቁር ምልክት ይተዋል። የጤነኛ አፈሙዝ ኮከብ ጨረሮቹ እኩል ናቸው። ያንተ ግን በሰዓት ቢሆን 4 ቁጥር ባለበት በኩል ያለው ጨረር ከሌሎቹ እጥፍ ረዝሟል። ጠርዙ ላይም የሞረድ ጭረት ይታየኛል። ሰውየው በሴጌቶ ቆርጦ፣ በሞረድ አስተካክሎ፣ በእጅ ትራፓኖ ጫፉን «አሳምሮ» ነው የሰጠህ። ገንዘብ መቀበሉ ነው የሚገርመኝ!

አረሩ ሲወጣ ቂጡ ከአፈሙዙ ጠርዝ በአንድ ቅጽበት በዙሪያው እኩል መላቀቅ አለበት። አንዱ ጎን ከተሸራረፈ ጋዙ በዚያ በኩል ቀድሞ ይሾልክና ቂጡን ይገፋዋል። 2,650 ጫማ በሰከንድ የሚሄድ አረር፣ የቦዩ ጥምዝ በ12 ኢንች አንድ ዙር ከሆነ፣ በደቂቃ 159,000 ዙር ይሽከረከራል። እንዲህ የሚሾር ነገር ሲለቀቅ ትንሽ ከተነካ ሲንገዋለል ነው የሚሄደው። 100 ያርድ ላይ የሁለት ኢንች ተኩል ስፋት 600 ያርድ ላይ 15 ኢንች ይሆናል፤ የኤፍ ክላስ 10 ቁጥር ክብ ደግሞ እዚያ ላይ 6 ኢንች ብቻ ናት።

ግምቴን አሁኑኑ ፈትነው። መጀመሪያ ቦልቱን (በርሜሉን ከኋላ የሚዘጋውን ተንሸራታች ብረት) አውጥተህ ሌላ ክፍል አስቀምጠው፤ ቻምበሩ (ጥይቱ የሚያድርበት ቦታ) ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ፊትህን ወደ አፈሙዝ ልታቀርብ ነውና ይህንን በቀልድ አትለፈው። ከዚያ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ትንሽ አስገብተህ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ጠርዙን እየዳሰስክ ዙሪያውን ሳብ። ጥጡ ክር እየለቀቀ ከተያዘ እዚያ ጋ ስንጥር አለ ማለት ነው። እኔ 4 ቁጥር ጋ ይይዝሃል እላለሁ።

መፍትሔው ቶርኖ ነው። በርሜሉ በውጭው ሳይሆን በውስጥ ቀዳዳው ተለክቶ ይታሰርና ጫፉ ከግማሽ ኢንች ያላነሰ ተቆርጦ በ11 ዲግሪ ወደ ቀዳዳው ያዘነበለ አዲስ ፊት ይወጣለታል። «በውጭው ነው የማስረው» የሚልህ ካለ ጠመንጃህን ይዘህ ውጣ፤ ቀዳዳው የበርሜሉ መሀል ላይ ላይሆን ይችላል። ዋጋው የአዲስ በርሜሉን ሩብ አይሞላም። የናስ ብሎን ጭንቅላት በትራፓኖ አስረው፣ መካኒኮች ቫልቭ በሚሞርዱበት አሸዋማ ቅባት ስንጥር የሚያጠፉ አሉ። ለትንሽ ስንጥር ይሠራል፤ ለሞረድ ሥራ ግን አይሆንም።

አሁን ስለ ቦዩ፤ ካልነገርኩህ አያስችለኝም። ባንተ በርሜል ከሸንተረር (በቦዮቹ መሀል ከፍ ብሎ የቀረው ብረት) እስከ ሸንተረር 0.300 ኢንች፣ ከቦይ እስከ ቦይ 0.308 ነው። የቦዩ ጥልቀት 0.004 ኢንች፣ የአንድ ወረቀት ውፍረት ማለት ነው። ባለ አራት ቦይ ላይ ሸንተረር ከሸንተረር ፊት ለፊት ስለሚገጥም አረሩን ከሁለት ወገን ይቆነጥጠዋል። ፋይቭ አር ላይ ቦዩ አምስት ነው፤ ከእያንዳንዱ ሸንተረር ማዶ ያለው ቦይ ነው። የሸንተረሩ ጎንም ቀጥ ብሎ ሳይሆን ተንጋሎ ስለሚወርድ፣ ማዕዘኑ ላይ ከአረሩ ልባስ የሚፋቀው መዳብ የሚሸጎጥበት ቦታ ያንሳል። «አር» ራሺያን ማለት ነው፤ አሜሪካዊው በርሜል ሠሪ ቡትስ ኦበርማየር ከሶቪየት በርሜሎች አይቶ ነው ያስፋፋው። ፖሊጎናልን የመሰለው፣ ማዕዘን የሌለው ክብ ቦይም ቢሆን አዲስ አይደለም። እንግሊዞች በ1888 (የአድዋው 1888 አይደለም፣ የፈረንጁ ነው) ሊ ሜትፎርድ በተባለው ጠመንጃቸው ላይ ጥልቀት የሌለው ሰባት ክብ ቦይ አደረጉ፤ የጥቁር ባሩድ ጥላሸት እንዳይይዝ። ኮርዳይት የሚባለው ባሩድ ሲመጣ ሙቀቱ ያንን ለስላሳ ቦይ በላው፤ በ1895 ወደ አምስት ባለ ማዕዘን ቦይ ተመለሱ፤ ሊ ኤንፊልድ ተባለ። እና የቦይ ቅርጽ ጽዳትና ዕድሜ ላይ ለውጥ ያመጣል። ኢላማ ላይ ግን ዋናው ነገር ቀዳዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል መሆኑና ልስላሴው ነው። በደንብ የተሠራ ባለ አራት ቦይ በርካሽ የተሠራን ፋይቭ አር ይበልጣል።

አንድ ሌላ ነገር፦ በፎቶው ጥግ ላይ የሚታየውን በሦስት ቁራጭ የሚገጣጠም የአሉሚኒየም መወልወያ ዘንግ ጣለው። መገጣጠሚያው ሸንተረሩን ይፍቃል፤ ለስላሳው ብረት ላይ አሸዋ ይሰካበትና ሞረድ ይሆናል። አንድ ወጥ ዘንግ ግዛ፤ በአፈሙዝ በኩል ሳይሆን በቻምበር በኩል፣ ዘንጉን መሀል የሚያስይዘውን ቱቦ ገጥመህ ወልውል።

ቶርኖ ቤት ሄዶ ሲመለስ፣ ቦልቱን ከመግጠምህ በፊት ቀዳዳውን ወደ ብርሃን አዙረህ አሻግረህ እይ። ቁራጭ ጨርቅ ወይም የብረት ፍቅፋቂ ውስጡ ቀርቶ ቃታ ከተሳበ በርሜል ይፈነዳል። ከዚያ አምስት አምስት ጥይት ሦስት ጊዜ ተኩስና የኮከቡን ፎቶ ላክልኝ። ኮከቡ እኩል ሆኖ ጥይቱ አሁንም ከተበተነ የማነጣጠሪያ መነጽሩን ማሰሪያ ብሎኖች እናያለን። ፎቶ ስታነሳም ቦልቱ ወጥቶ ይሁን፤ ባለፈው ፎቶህ ላይ ገብቶ ነው ያየሁት።