ያንን የሚሽከረከር ብረት እባክህ አታጽዳው

ወንድሜ፣ ፎቶህን አየሁት። ከእጀታ ጫፍ ላይ የሚሽከረከር ክብ ብረት፣ ዝገት የበላው፣ ስለት የሌለው። «ከአያቴ የዕቃ ሳጥን ውስጥ ያገኘሁት ነው፣ ምን እንደሆነ የምታውቁ ንገሩኝ፣ ቅዳሜ አጽድቼ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነው» ብለሃል። የተሰጡህን መልሶችም አነበብኩ። አንዱ የሊጥ መቁረጫ ነው ይልሃል። ሌላው ማሰቃያ ነው ይላል። ሰው የማያውቀውን ብረት ሁሉ ማሰቃያ ማለት ይወዳል። ባለ ሹል ጥርሱ የተልባ ቃጫ ማበጠሪያ እንኳ ስንት ጊዜ ማሰቃያ ሲባል ሰምቻለሁ።

የቅዳሜውን ጽዳት ሰርዘው። ያንተው ዓይነት ዕቃ እጄ ላይ ገብቶ ስለነበር ነው እንዲህ የምጮኸው። የማውቀውን በተራ ልንገርህ።

1. መጀመሪያ ፎቶ። አሁን የለጠፍከው ከላይ የተነሳ ነው፣ ብዙም አይጠቅምም። ሁለቱንም ገጽ፣ ጠርዙን፣ የእጀታውን ጫፍ፣ መሃል ላይ ያለችውን ዘንግ ለየብቻ አንሳ። ማስመሪያ አጠገቡ አድርግ። እስክሪብቶ መለኪያ አይደለም። ከዚያ ክፍሉን አጨልመህ ባትሪ ከጎን በኩል፣ ብረቱን ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ አድርገህ አብራበት። ከላይ ሲበራበት ጭራሽ የማይታይ ጽሑፍ ከጎን ሲበራበት ጥላ ይጥላል። ስስ ወረቀት ደርቦ በእርሳስ መፈግፈግም አለ፣ ዝገቱ ወፍራም ሲሆን ግን ባትሪው ይሻላል።

2. ቅርጹን ትተህ የተበላበትን ቦታ ተመልከት። እጀታው አናቱ ላይ ተጨፍልቆ ከሆነ በመዶሻ ሲመታ ኖሯል። አናቱ ለስልሶ ካበራ በመዳፍ ሲገፋ ኖሯል። ፒንሳ መስሎ እጀታውን ስትጨብጠው አፉ የሚከፈት ከሆነ የቆዳ ጓንት ጣት ማስፋፊያ ሊሆን ይችላል። ማግኔት የማይስበው የመዳብ ወይም የነሐስ መዶሻ ካጋጠመህ፣ ባሩድ ባለበት ቦታ ብልጭታ እንዳይፈጥር ተብሎ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ከስለቱ ጎን ትንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ምላስ ያለው ታጣፊ ቢላ ደግሞ የፈረስ ደም ማውጫ ነው። ምላሱን ደም ሥሩ ላይ አድርገው በአጭር ዱላ መታ ያደርጉት ነበር።

ወደ አንተው እንመለስ። ጠርዙ ስለት የለውም፣ ስለዚህ አይቆርጥም። ፎቶህ ላይ እንደማየው ደግሞ ዙሪያውን እኩል ነው የተበላው። ማለትም ነገር ላይ ይንከባለል ነበር። ሳይቆርጥ የሚንከባለል ብረት ምን ይሠራል? ይለካል! የጋሪ ጎማ ዙሪያ መለኪያ ይመስለኛል። (ጠርዙ ላይ ጥቃቅን ጥርሶች ካሉትና በመዳፍ የምትያዝ ትንሽ ከሆነች ነገሩ ሌላ ነው፤ ቆዳ ላይ የስፌት ቦታ ማመልከቻ ናት። ያንተ ግን ትልቅ ነው።)

3. ጠርዙን ዙሪያውን በጥፍርህ ዳብሰው። አንዲት ጭረት ወይም ትንሽ ቀዳዳ ካገኘህ አለቀ፣ ታወቀ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የኔን ጉድ ሳልነግርህ አላልፍም። የኔው እጀታ ይወዛወዝ ነበር። አሮጌ ዕቃ አድሳለሁ ለሚል ባለሙያ ወሰድኩት። «እጀታውን ብቻ አጥብቅልኝ፣ ብረቱን እንዳትነካው» አልኩት። ደግሜ ነው የነገርኩት። «አታስብ» አለኝ። ስመለስ ብረቱ እንደ አዲስ ማንኪያ ያብረቀርቃል። በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጎት፣ በግራይንደር አስተካክሎት፣ ቫርኒሽ ቀብቶታል። መሃሉ አካባቢ የነበረው የሠሪው ማህተም የለም። ጠርዙ ላይ የነበረችውን ጭረት ደግሞ በብየዳ ሞልቶ ሞርዷታል። «ተሰብሮ ነበር፣ ይቺን በነጻ ሞላሁልህ» ይለኛል፣ ላመሰግነው እየጠበቀ። ላልታዘዘው ማብረቅረቂያ ግን ሒሳብ ጠየቀኝ። ስቆጣ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ምን እንደሆነ እንኳ ሳታውቅ ምን ያስጮህሃል?»

ይቺ ንግግር እስከ ዛሬ ታበግነኛለች። ምን እንደሆነ የሚነግረኝን ነገር እኮ ነው ፍቆ የጣለው!

ያዳነኝ ቀድሜ ያነሳሁት ፎቶ ነው። በባትሪ ከጎን ያነሳሁት ላይ ጭረቷ ቁልጭ ብላ ትታያለች። አንድ የአሮጌ ዕቃ ገማች ግን ፎቶውን ዓይቶ እንኳ ሳይጨርስ «የልጅ መጫወቻ ነው» ብሎ ሸኝቶኝ ነበር። ተራዬን ስጠብቅ የዋልኩት ለዚች መልስ ነው። ራሴው ፈልጌ አገኘሁት፣ በዚህስ እኮራለሁ። ጋሪ ሠሪዎችና አንጥረኞች የእንጨት ጎማ ዙሪያ የሚለኩበት ነው። በእንግሊዝኛ ትራቭለር ይሉታል፣ በዚህ ስም ፈልገው።

አሠራሩ ይገርምሃል። የእንጨቱ ጎማ ጠርዝ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋሉ። የመለኪያውን ጭረት ከምልክቱ ጋር ያጋጥማሉ። ከዚያ መለኪያውን በጎማው ዙሪያ እያንከባለሉ ዙሩን ይቆጥራሉ። የመጨረሻው ዙር ካልሞላ የቆመበትን ቦታ መለኪያው ላይ በጠመኔ ያሰምራሉ። ያንኑ ያህል ዙር ደግሞ የጎማው ቀለበት በሚሆነው ቀጥ ባለ ብረት ላይ ያንከባልሉታል። ሜትር የለ፣ ሒሳብ የለ። ለምሳሌ ያንተ መለኪያ ወርዱ (በመሃሉ ከዳር እስከ ዳር ሲለካ) 20 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ አንድ ዙሩ 63 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ወርዱ 1.2 ሜትር የሆነ ጎማ ዙሪያው 3.77 ሜትር ያህል ስለሆነ ልክ ስድስት ዙር ይሆናል።

ብረቱን ሲቆርጡት ግን ከጎማው በጥቂቱ እንዲያንስ አድርገው ነው። ቀለበት አድርገው ይበይዱታል፣ እሳት ውስጥ ያግሉታል፣ በግለቱ ይለጠጣል። 3.77 ሜትር ብረት ሙቀቱ 600 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 2.7 ሳንቲሜትር ይረዝማል። እንደጋለ በእንጨቱ ላይ ያለብሱትና ውኃ ይደፉበታል። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰብና የእንጨቱን መገጣጠሚያ ሁሉ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ልኩ ትንሽ ከሰፋ ቀለበቱ መንገድ ላይ ይወልቃል። ከጠበበ ጎማውን ያጣምመዋል። እንግዲህ ያቺ «ተሰብሮ ነበር» የተባለችው ጭረት የልኩ ሁሉ መነሻ ነበረች።

4. የት ደረስኩ? አዎ፣ ጽሑፍ። በላቲን ፊደል «ፓት» የሚልና ቀን ወይም ቁጥር ካገኘህ የአሜሪካ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት ምዝገባ) ሊሆን ይችላል። የዛሬው ቁጥር አሰጣጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1836 ነው፣ ሚሊዮን የደረሰው በ1911። ዳታምፕ የሚባል የድሮ መሣሪያ ፓተንቶች ማህደር ኢንተርኔት ላይ አለ፣ እዚያ ቁጥሩን አስገባ። ዲያመንድ ቅርጽ ውስጥ ፊደልና ቁጥር ካየህ ከ1842 እስከ 1883 የነበረ የእንግሊዝ የንድፍ ምዝገባ ምልክት ነው። «እንግላንድ» ወይም «ጀርመኒ» ብቻ የሚል ካለ ብዙውን ጊዜ ከ1891 ወዲህ ነው፤ አሜሪካ የ1890ው የቀረጥ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የትውልድ አገሩ ይጻፍበት ካለች በኋላ ማለት ነው።

የሰው ስም ስታይ ቶሎ አትደሰት። የባለቤቱ ስም ሊሆን ይችላል። ሠራተኞች ዕቃቸው እንዳይሰረቅ ስማቸውን ይመቱበት ነበር። አንድ የእንጨት መላጊያ ላይ የተለያዩ ሰዎች ስም ተደራርቦ ታገኛለህ። አንዱ ስም ደጋግሞ፣ ተንጋዶ ከተመታ ብዙውን ጊዜ ሠሪው አይደለም።

በእጀታው ዕድሜ አትገምት፣ እጀታ ይቀየራል። ባለ መስቀል አናት ብሎን ያለበት ከሆነ ያ ብሎን ከእ.ኤ.አ. 1930ዎቹ ወዲህ የገባ ነው፣ ብረቱ ግን አያት ቅድመ አያት ሊሆን ይችላል።

5. ከፎቶህ ሥር «በውስጥ መስመር አናግረኝ፣ እገዛሃለሁ» ያለህን ሰው ዝም በለው። ምን እንደሆነ ባያውቅ ኖሮ እንዲህ አይቸኩልም ነበር።

ዝገቱ የሚያሳስብህ ከሆነ፣ ፎቶውን ከጨረስክ በኋላ ስስ የማሽን ዘይት በጨርቅ አስነካውና ደረቅ ቦታ አስቀምጠው። ኮምጣጤ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ የሽቦ ብሩሽ አይቅረበው። ለማንም «አዳሽ» አትስጥ፣ ብትሰጥ እንኳ ቁጭ ብለህ እያየኸው ይሥራ።

አሁን ተነስና ጠርዙን በባትሪ አንሳው፣ እዚሁ ለጥፈው። ጭረቷን ካላገኘሃት ከመሃሉ ዘንግ አጠገብ ያለውን ገጽም ጨምር፣ አንዳንዱ ላይ ምልክቱ እዚያ በኩል ነው።