በሱዳንና በሊቢያ አቋርጬ ነው የመጣሁት፤ ኢስታ ልሙላ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ስቶክሆልም ነው፤ የስዊድን ዜጋ ነኝ። ከአገር የወጣሁት በ2013 (በአውሮፓውያን) በካርቱምና በትሪፖሊ በኩል ነበር። የእህቴ ሠርግ ሜሪላንድ ነው። ኢስታ ስሞላ ሱዳን ወይም ሊቢያ ነበርሽ ወይ የሚል ጥያቄ መጣብኝ። ጓደኞቼ «አይ በይው፣ ማን ያየዋል» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እባክዎ «አይ» ብለው እንዳይልኩት።

ኢስታ ቪዛ አይደለም። እንደ ስዊድን ያሉ አገሮች ዜጎች ያለ ቪዛ እስከ 90 ቀን አሜሪካ እንዲቆዩ የሚሰጥ የኦንላይን ፈቃድ ነው። በ2015 መጨረሻ የወጣው ሕግ ግን ከማርች 1 ቀን 2011 ወዲህ ሱዳን የቆየን ሰው ከዚህ መብት አስወጣው፤ ሊቢያም በ2016 ተጨመረች። በሥራ የተላኩ ወታደሮችና የመንግሥት ሠራተኞች ሲቀሩ፣ ለምን ሄድክ ብሎ የሚለይ ነገር የለውም። በረሃ አቋርጦ የመጣው ወገናችን እንደ ቱሪስት መቆጠሩ ያሳዝነኛል። ሕጉ ግን ይኸው ነው።

ደግሞ ይህ አሜሪካ እንዳይገቡ የሚከለክል አይደለም። ወደ ቪዛ ወረፋ ነው የሚመልስዎ። ውሸቱ ግን ይከለክላል። እያወቁ የሐሰት መልስ ሰጥተው ፈቃድ ከጠየቁ፣ በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ የዕድሜ ልክ እገዳ ሊጣልብዎ ይችላል። ነገ እህትዎ ዜግነት አግኝታ ላምጣት ብትል እንኳ ያ መልስ ፊትዎ ይደቀናል። ስዊድን ጥገኝነት ሲጠይቁ የመጡበትን መንገድ ተናግረው ከነበረ ደግሞ በፋይልዎ ተጽፏል።

ስለዚህ ኢስታውን ካልላኩት ይተዉት። ቢከለከሉ የቪዛው ፎርም «ኢስታ ተከልክለሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ለምን ሌላ ማብራሪያ ይጨምራሉ? በቀጥታ የጎብኚ ቪዛ ያመልክቱ። ክፍያው 185 ዶላር ነው፤ ቃለ መጠይቁም እዚያው ስቶክሆልም ኤምባሲው ይደረጋል። ቀጠሮ ሊዘገይ ስለሚችል ዛሬውኑ ይጀምሩ። ቪዛው እጅዎ ሳይገባ ቲኬት አይቁረጡ።

የሥራ ደብዳቤ፣ የቤት ኪራይ ውልና የሠርጉን ጥሪ ይያዙ። ቆንስሉ ማየት የሚፈልገው ወደ ስዊድን እንደሚመለሱ ነው። ካርቱም ስንት ወር፣ ትሪፖሊ ስንት ወር እንደቆዩ አስቀድመው በወረቀት ይጻፉት። ቀኑ ከተምታታብዎ ከስዊድን የስደተኞች መሥሪያ ቤት የራስዎን ፋይል ቅጂ ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው።