300 ኪሎ ካዝና መኪና በማይገባበት የጀጎል መንገድ
መኪና ከማይገባበት ቀጭን መንገድ ካዝናውን እንዴት ላድርሰው ላልከው፦ አትሸከሙት፣ በቱቦ አንከባሉት።

1. በዲጂኖ አንዱን ጎን አንሱ። ዲጂኖው 1 ሜትር ተኩል ከሆነ፣ ከጫፉ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ጠንካራ እንጨት አስደግፉበት። ጉልበታችሁ 9 እጥፍ ይሆናል። የሚነሳው አንድ ጎኑ ብቻ ስለሆነ 20 ኪሎ ያህል መጫን ይበቃል።

2. ከስሩ ሶስት ወፍራም የብረት ቱቦ አስገቡ። ከኋላ የወጣውን እያነሱ ፊት ላይ መመለስ ነው። የጀጎል ድንጋይ ግን ወጣ ገባ ስለሆነ ቱቦው ይሰነቀራል። ወፍራም ጣውላ አንጥፉለት፤ ጥቂት ጣውላ እየቀያየራችሁ መንገዱን ትጨርሳላችሁ።

መታጠፊያ ላይ የፊተኛውን ቱቦ በመዶሻ መታ መታ አድርጋችሁ ሰያፍ አድርጉት። ካዝናው ራሱ ተከትሎ ይዞራል።

ከልቤ የምለምንህ ቁልቁለቱ ላይ እንድትጠነቀቁ ነው። ካዝናውን በገመድ አስራችሁ፣ ገመዱን ከላይ በኩል ጠንካራ ምሰሶ ላይ ጠምጥማችሁ ቀስ እያላችሁ ልቀቁ። ከታች በኩል ማንም አይቁም። ቱቦውን በእንጨት እንጂ በእጅ አታስገቡ፤ ጣቱ የተቀጠቀጠበት ልጅ አይቻለሁ። ካዝናው ካጋደለ ደግሞ ልያዘው አትበል፣ ይውደቅ።